በመስተዋት ገንዳ ስለሚኖር ድንክ ዓሣና ስለ አትክልቱ

ቤትን የሚያስጌጥና ልጆችን የሚያስተምር ነገር ሁሉ የዚህ ገጽ ጉዳይ ስለ ሆነ፣ ዛሬ በመስተዋት ገንዳ ውስጥ አትክልት ተክሎ ትንሽ ዓሣ ስለ ማኖር ጥቂት እንናገራለን። የምንናገረውም በደጋ ላለ ቤት ሳይሆን ለሥራ ወደ ጋምቤላ ወርዶ፣ ይልቁንም በጀዊና በአካባቢው ለተቀመጠ ቤተ ሰብ ነው። በደጋ የማይታሰብ ብዙ ነገር በዚያ ሊታሰብ ይገባዋልና።

ጀዊ ከጋምቤላ ከተማ ብዙ ሳይርቅ በ2007 ዓ.ም. የተቋቋመ የስደተኞች ሰፈር ነው። የተቋቋመበትም ምክንያት ከደቡብ ሱዳን ጦርነት ሸሽተው የመጡት ሰዎች አስቀድሞ የተቀመጡባቸው ሌችዎርና ኒፕኒፕ በ2006 ዓ.ም. ክረምት በጎርፍ ስለ ተጥለቀለቁ ነው። እንግዲህ ውሃ በአንድ ወራት ሰውን ከቤቱ የሚያስወጣ፣ በሌላ ወራት ደግሞ በጀሪካን ተሰልፈው የሚቀዱት በሆነበት አገር፣ ገንዳ ሙሉ ውሃ ለዓሣ መስጠት እንደ ቀላል ነገር የሚታይ አይደለም።

ነገር ግን በባሮ ዳር የሚያድግ ልጅ ዓሣ ይወዳል። ከዓሣ አጥማጁም መረብ ውስጥ ሲፈራ ውሃ እየዋጠ ሆዱን እንደ ኳስ የሚነፋውን ዓሣ ያየ እንደ ሆነ፣ ይህን ወደ ቤት እንውሰደው ብሎ አባቱን ሳይለምን አይቀርም። ይህ ዓሣ በዓባይ ወንዝ ዳር የሚኖሩ ዓረቦች ፋሃቃ የሚሉት ነው። የጥንት ግብፃውያን በመቃብር ግድግዳ ላይ ሥለውታል፤ የስዊድኑ ሊቅ ሊኔም እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1758 በመጽሐፉ መዝግቦታል። ግልገሉ የአውራ ጣት ያህል ሳለ፣ ጐኑ በመስመር የተሸለመ፣ ዓይኖቹም እያንዳንዳቸው ለየብቻ የሚዞሩ ስለ ሆኑ እጅግ ያምራል። ሲያድግ ግን ርዝመቱ እስከ 43 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። ጥርሶቹ ተጋጥመው እንደ በቀቀን አፍ ስለ ሆኑ የቀንድ አውጣን ቅርፊት ይሰብራሉ፤ የሰውንም ጣት ከመቍረጥ አይመለሱም። ከሌላ ዓሣ ጋር አይስማማም፤ ብቻውን በብዙ መቶ ሊትር ውሃ ውስጥ ካልሆነ በቀር አይበጀውም። በሥጋውና በሆድ ዕቃው ያለው መርዝም በማብሰል አይጠፋምና ለወጥ አይሆንም። የግልገሉን መልክ አይቶ ወደ ቤቱ የሚያገባው ሰው የአንበሳ ደቦል በጓዳው እንደሚያሳድግ ሰው ነው።

ለትንሽ ገንዳ የሚስማማው የፋሃቃ ዘመድ የሆነ የህንድ ድንክ ነው። አገሩ በደቡብ ምዕራብ ህንድ ያለው የኬራላ ምድር ነው። (ከዚያ አገር የመጡ ብዙ መምህራን በአገራችን ትምህርት ቤቶች ስላስተማሩ፣ ከአንባቢዎቻችን መካከል ሒሳብን ከኬራላ ሰው የተማሩ ጥቂት አይደሉም።) ሖራና ናይር የተባሉ ሊቃውንት እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1941 ስሙን ሲያወጡለት በዚያን ጊዜ በነበረው በትራቫንኮር መንግሥት ስም ጠሩት። ርዝመቱ ቢበዛ ሦስት ሳንቲ ሜትር ተኩል ነው፤ ስለ ትንሽነቱም ፈረንጆች ከአተር ጋር ያመሳስሉታል። ከዘመዶቹ አንዳንዶቹ ጨው የተቀላቀለበት ውሃ ሲፈልጉ እርሱ ዕድሜውን ሁሉ በጣፋጭ ውሃ ይኖራል። በአገሩ ወንዞች ለሽያጭ እየተያዘ ቍጥሩ ስለ ቀነሰ፣ የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ለጥፋት ከተጋለጡት ጋር ቈጥሮታል። ስለዚህ የሚገዛው ሰው ከወንዝ የተያዘውን ሳይሆን በሰው እጅ የተራባውን ጠይቆ ሊያገኝ ይገባዋል፤ ወደ አገር ለማስገባትም አስቀድሞ የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት ፈቃድ ይጠይቅ።

ገንዳው ርዝመቱ 60፣ ወርዱ 30፣ ቁመቱም 30 ሳንቲ ሜትር ቢሆን 54 ሊትር ይይዛል። አሸዋው ቦታ ስለሚወስድና ከላይ ጥቂት ስለሚጐድል የሚገባው ውሃ ወደ 45 ሊትር ነው። በስደተኞች ሰፈር ለአንድ ሰው እንዲዳረስ የሚታሰበው ውሃ በቀን 20 ሊትር መሆኑን ለሚያውቅ ሰው፣ ይህ ገንዳ አንድ ጊዜ ሲሞላ ከሁለት ሰዎች የቀን ድርሻ በላይ ይወስዳል ማለት ነው። በየሳምንቱም ሩቡ መለወጥ ስላለበት 11 ሊትር ያህል ሁልጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ በእኛ አሳብ፣ እናቶች ተሰልፈው ከሚቀዱበት ቦኖ ለዓሣ ውሃ መቅዳት አይገባም። የባሮን ውሃ በጋሪ አስመጥቶ፣ ላመጣውም ሰው የድካሙን ዋጋ ከፍሎ፣ በተከደነ በርሜል ሁለት ቀን ማሳደርና በጥብቅ ነጠላ ጨርቅ ማጥለል ይሻላል። ለዚህ የማይመች ቤት ገንዳውን ቢተወው አይጐዳም። ይልቁንም በሰፈሩ ካሉት ትምህርት ቤቶች በአንዱ ቢቆም እንመርጣለን፤ በአንድ ሳሎን ሦስት ልጆች የሚያዩትን በዚያ ብዙ መቶ ልጆች ያዩታልና።

ወደ አሠራሩ እንግባ። ገንዳው ሲሞላ ከነመስተዋቱና ከነአሸዋው 70 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን የሚቆምበት ጠረጴዛ የጸና ይሁን፤ ፀሐይ በቀጥታ ከሚያገኘው መስኮትም ይራቅ፤ አለዚያ ውሃው በጥቂት ቀን አረንጓዴ ይሆናል። የወንዝ አሸዋ ያለ ሳሙና፣ እጣቢው እስኪጠራ ድረስ ይታጠብና ሦስት ጣት ያህል ከፍታ ይነጠፍ። ድንጋይና የተቀቀለ የእንጨት ጉማጅ ይቀመጥበት። አትክልቱም ጥቅጥቅ ብሎ ይተከል። ይህ ድንክ ዓሣ እጅግ ቀናተኛ ነው፤ ወንዱ ሌላ ወንድ ባየ ቍጥር ያሳድደዋልና፣ ቅጠሉ ለጌጥ ብቻ ሳይሆን ለመጋረጃም ነው። እንደ ጥብጣብ ቀጥ ብሎ የሚወጣው ቫሊስኔሪያ በስተኋላ፣ ሥር ሳይኖረው እንደ ጭራ የሚንሳፈፈው ሴራቶፊለም ከላይ ቢሆኑ ብዙ ሙያ ሳይጠይቁ ያድጋሉ። ከወንዝ የመጣ ቅጠል ቢሆን በጓንት ይያዝ፤ ቀንድ አውጣው ከነዕንቁላሉ ተለቅሞለት፣ በንጹሕ ውሃ ባልዲ ሁለት ቀን ይቈይ። ምክንያቱን ከዚህ በታች እንናገራለን።

አበባው ያማረውን እምቦጭ ግን ማንም ወደ ቤቱ አያግባ። ይህ አረም ከደቡብ አሜሪካ ስለ ውበቱ በሰው እጅ ተወስዶ በዓለም የተበተነ ነው፤ በአገራችን እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1965 በቆቃ ሐይቅ፣ በ2011 ደግሞ በጣና ታይቶ፣ ዓሣ አጥማጁን ከታንኳው፣ ከብቱንም ከመጠጫው ከልክሎታል።

ገንዳው ከተሞላና ከተተከለ በኋላ ዓሣው ወዲያው አይገባም። ብዙ ሰዎች የሚሳሳቱት በዚህ ነው። የዓሣ እዳሪና የምግብ ትራፊ በውሃ ውስጥ አሞኒያ የተባለ መርዝ ይሆናሉ። በአሸዋውና በማጣሪያው ስፖንጅ ላይ የሚራቡ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ሕዋሳት ይህን መርዝ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ብዙ ወደማይጐዳው ናይትሬት ይለውጡታል፤ አትክልቱም ናይትሬቱን ይመገበዋል። እነዚህ ሕዋሳት እስኪበዙ ድረስ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ያስፈልጋል። በዚህ ጊዜ ጥቂት የዓሣ ምግብ በየቀኑ እየተጣለ ይጠበቃል። ዐቢይ ጾምን የሚጾም ቤተ ሰብ ይህን ያህል መታገሥ አይከብደውም።

ነገር ግን ጋምቤላ የወባ አገር ነው። ስድስት ሳምንት ዓሣ ሳይኖርበት ክፍቱን የተቀመጠ ውሃ፣ ጌጥ መሆኑ ቀርቶ የትንኝ ማርቢያ ይሆናል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በጥቅጥቅ ወንፊት ወይም በአጎበር ጨርቅ ጠርዙ ሁሉ ይዘጋ። ዓሣው ከገባ በኋላ ዕጩን እያደነ ይበላዋል፤ ቢሆንም ክዳኑ አይነሣ።

ስለ ሙቀቱም እንናገር። በአዲስ አበባ የሚያስቸግረው ውሃውን ማሞቅ ነው፤ በጋምቤላ ማቀዝቀዝ ነው። ድንኩ የሚወደው ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ያለውን ነው፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ግን የቤቱ አየር ከዚህ እጅግ ያልፋል። ውሃ በሞቀ መጠን የሚይዘው አየር ይቀንሳል፤ በአንድ ሊትር በ25 ዲግሪ ስምንት ሚሊ ግራም ያህል ኦክሲጅን የሚይዘው፣ በ35 ዲግሪ ወደ ሰባት ይወርዳል። ገንዳው በቤቱ ውስጥ ቀዝቀዝ ባለው ማዕዘን ይቀመጥ፤ በውጭ በኩል እርጥብ ጨርቅ ይሸፈን፤ ማራገቢያ ካለም በውሃው ፊት ላይ ይንፈስበት። በረዶ የሆነ ውሃ የያዘ የታሸገ ጠርሙስ ማንሳፈፍም ይቻላል፤ ሆኖም ድንገተኛ ቅዝቃዜ ዓሣውን ስለሚጐዳ ቀስ በቀስ ይሁን። የኤሌክትሪክ ኃይል ሲቋረጥ ማጣሪያው ስለሚቆም፣ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር መንፊያ በመሳቢያ ውስጥ ማኖር ብልህነት ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ዓሣውን አለማብዛት ነው። በተባለው ገንዳ አንድ ወንድና ሁለት ወይም ሦስት ሴቶች ይበቃሉ። ወንዱ ለአካለ መጠን ሲደርስ በሆዱ ላይ ጥቍር መስመር ይወጣበታል።

ምግቡን በተመለከተ ድንኩ ጌታ ነው፤ ደረቅ ምግብ ቢሰጡት ብዙውን ጊዜ ዘወር ብሎ ይሄዳል። የሚፈልገው ትናንሽ ቀንድ አውጣ፣ ትልና የትንኝ ዕጭ ነው። ታዲያ ልጆች ቀንድ አውጣ እንዲለቅሙ ወደ ኩሬ እንዳይላኩ አጥብቀን እንለምናለን። በአገራችን ቀስ ብሎ በሚሄድና በቆመ ውሃ ከሚኖሩት ቀንድ አውጣዎች አንዳንዶቹ ቢልሃርዚያን ይይዛሉ፤ ከእነርሱ የሚወጣው ተውሳክ እጁንና እግሩን ወደ ውሃው የነከረውን ሰው በቆዳው በኩል ይገባበታል። ይህ ተውሳክ ሰው ሳያገኝ ከሁለት ቀን በላይ በውሃ ስለማይኖር ነው ውሃውንና ቅጠሉን ሁለት ቀን አሳድሩ ያልነው። ቀንድ አውጣውንም በቤት ማራባት ይቻላል። ተውሳኩ ከእናቲቱ ወደ ዕንቁላሏ አይተላለፍምና፣ በቅጠል ላይ የተጣበቀውን እንደ ለሰለሰ ሙጫ ያለ ዕንቁላል ብቻ በጓንት አንሥቶ፣ አጥቦ፣ በማሰሮ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ማስፈልፈልና ሰላጣ እየመገቡ ማሳደግ ነው። ወደ ኩሬ የወረደ ባልዲም ወደ መጠጥ ውሃ አይመለስ፤ በጋምቤላ በነጎግና በነአቦቦ ወረዳ ሰዎች ብዙ ዘመን የደከሙበት የጊኒ ዎርም በሽታ የሚመጣው ጥቃቅን የውሃ ነፍሳት ያሉበትን የኩሬ ውሃ በመጠጣት ነው።

ዓሣው ሆዱን ሲነፋ ለማየት ብሎ ማስፈራራት ክፉ ልማድ ነው። የሚነፋው ሞትን ሲፈራ ብቻ ነው፤ ከውሃ ወጥቶ አየር የሞላበት እንደ ሆነ ደግሞ መልሶ ማውጣት ስለሚያስቸግረው ሊሞት ይችላል። ልጆች ይህን ቀድመው ይወቁ።

ባለቤቱ ወደ ሌላ አገር የተዛወረ እንደ ሆነ ድንኩን ወደ ባሮ መልቀቅ ምሕረት አይደለም። ባሮ ከፒቦር ጋር ተገናኝቶ ሶባት ይሆናል፤ ሶባትም ወደ ነጭ ዓባይ ገብቶ እስከ ግብፅ ይወርዳል። በአንድ ባልዲ የተጣለው እንግዳ ዓሣና ከእርሱ ጋር ያለው በሽታ በዚህ ሁሉ አገር ውሃ ላይ የተጣለ ነው። ዓሣውን ለሚጠብቀው ሌላ ቤት ወይም ለትምህርት ቤቱ መስጠት ይቻላል። የተረፈው አትክልት በፀሐይ ደርቆ ይቃጠል፤ አሸዋውም በፀሐይ ይድረቅ። በየሳምንቱ ከገንዳው የሚወጣው ውሃ ደግሞ አትክልት የሚወደው ናይትሬት ስላለበት ወደ ወንዝም ወደ ቦይም ሳይፈስ፣ በደጅ ለተተከለው የማንጎና የፓፓያ ችግኝ ይጠጣ።