የአሜሪካ መሐላና የእኛ አንቀጽ 20

ከወሎ፣ ከአርዲቦ ሐይቅ ዙሪያና ከአምባሰል የሚሰደደው ወጣት አብዛኛውን ጊዜ መንገዱ ወደ ዐረብ አገር ነው፤ ጥቂቱ የዲቪ ዕጣ ደርሶት አሜሪካ ገብቷል። ጂዳ ሃያ ዓመት የሠራች ሴት የመኖሪያ ፈቃዷ (ኢቃማዋ) በአሠሪዋ በኩል ይታደስላታል እንጂ ዜግነት አይታሰብላትም። ሳዑዲ ዐረቢያ በ2006 ዓ.ም. በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስታባርር፣ ተመላሾቹ መግቢያ ያላጡት የኢትዮጵያ ዜጎች ስለሆኑ ነው። አሜሪካ የገባው ወንድሟ ግን በቋሚ ነዋሪነት አምስት ዓመት ቆይቶ፣ የእንግሊዝኛና የታሪክ ፈተናውን አልፎ፣ እጁን አንሥቶ በማለባት ቀን ይህንኑ መግቢያ ያጣል።

ብዙዎች ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን የምታስጥለው አሜሪካ ትመስላቸዋለች። የመሐላው ቃል ለሌላ መንግሥት ያለን ታማኝነት መተውን ቢጠይቅም፣ አሜሪካ የቀድሞ ዜግነትን በተግባር አታስጥልም። በዚያው አዳራሽ አብሮት የማለ ኬንያዊ፣ አገሩ እ.ኤ.አ. በ2010 ሕገ መንግሥቷ ጥምር ዜግነትን ስለፈቀደች ኬንያዊነቱ አይነካም። የእኛን ሰው የሚያሰናብተው የራሳችን የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 ነው፤ አንቀጽ 20 በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት ያገኘ ኢትዮጵያዊ የራሱን እንደተወ ይቆጥረዋል። ሕገ መንግሥቱ ደግሞ በአንቀጽ 33 ማንም ከፈቃዱ ውጭ ዜግነቱን እንደማይገፈፍ ይደነግጋል። የሚምለው ሰው ግን ሁልጊዜ አገሩን ለመተው ብሎ አይምልም፦ ግሪን ካርድ ብቻ የያዘ ቋሚ ነዋሪ እናቱን ለማስመጣት ማመልከት አይችልም፤ ዜጋ መሆን አለበት። ለእናቱ ብሎ የማለን ልጅ እናቱ የወለደችበትን አገር ፈቅዶ ተወ ማለት የሰውየውን ሐሳብ አዛብቶ መተርጎም ነው።

ጥምር ዜግነት ቢፈቀድ፣ ለሁለት መንግሥት ያደረ ሰው በምርጫና በጸጥታ እንዴት ይታመናል የሚሉ አሉ። ስጋቱ ተራ አይደለም፤ አገራችን በውጭ እጅ ብዙ ተጎድታለች። መፍትሔው ግን በእጃችን አለ፦ ቢጫ ካርድ የሚባለውን መታወቂያ ያስገኘው አዋጅ ቁጥር 270/1994 የውጭ ዜግነት ላላቸው ትውልደ ኢትዮጵያውያን ብዙ መብት ሲሰጥ ምርጫን፣ መከላከያን፣ ደኅንነትንና ውጭ ጉዳይን ለይቶ አስቀርቷል። ጥምር ዜጋን ከእነዚህ ኃላፊነቶች ማራቅ ይቻላል። ታዲያ ቢጫ ካርዱ አይበቃም ወይ? አይበቃም፤ በአዋጅ የተሰጠ በሌላ አዋጅ ይነሣል፣ ዜግነት ግን ሕገ መንግሥታዊ መብት ነው። ከሁሉ የሚከብደኝ የልጆቹ ነገር ነው፤ ወላጆቹ ሁለቱም ከማሉ በኋላ የተወለደ ሕፃን፣ አማርኛ እየሰማ ቢያድግም፣ ለሕጋችን የውጭ አገር ሰው ነው። ኢትዮጵያዊነቱን መተው ለሚፈልግ የዜግነት አዋጁ አንቀጽ 19 በሩን ከፍቶለታል፤ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አንቀጽ 20ን ቢሽር የሚቀርበት ሰው የለም።