ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦ

ግልጽ ደብዳቤ ለደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ሴኔት

ጉዳዩ፦ የተማሪዎችን የሥነ ምግባር ደንብ ይመለከታል

የተከበራችሁ የሴኔቱ አባላት፣

«በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» ይላል ያገራችን ሰው። ከመካነ ኢየሱስ ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ስለዚህችው ጭብጦ ነው። ቅጣት ይቅር አልልም። በዶርም ስለት ይዞ የተገኘ፣ ፈተና ያጭበረበረ፣ በሴት ተማሪ ላይ እጁን ያነሳ ይጠየቅ፤ ጥፋቱ ከከፋም ከግቢ ይሰናበት። ነገር ግን ተማሪ አስቀድሞ በማያውቀው ደንብ፣ ቃሉን ሳይሰጥና ምክንያቱ ሳይነገረው ከተቀጣ፣ ቅጣቱ የሚገባው ቢሆን እንኳ ፍርድ ሆኖ አይታየውም። እንዲህ ያለ ቅጣት የሚያይ ግቢም ለጊዜው ጸጥ ይል ይሆናል እንጂ ሰላም አያገኝም። ለእናንተ መጻፌ በዩኒቨርሲቲያችሁ ላይ የተለየ ክስ ኖሮኝ አይደለም። ጉዳዩ የአገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች ሁሉ ነው፤ በዞናችን ያላችሁት እናንተ ናችሁና መልካሙ ልማድ ከደጃችን ቢጀመር ብዬ ነው።

በመጀመሪያ አንድ ተማሪ ከትምህርት ሲታገድ የሚያጣውን እንመዝን። የ2014ን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 896,520 ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ ከመቶ 3.3 መሆኑ ነው። በቀጣዩ ዓመትም ከመቶ 3.2 ሆነ። ከእስቴ፣ ከስማዳ ወይም ከጋይንት ገጠር ተነስቶ ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ በዚህ ወንፊት ያለፈ ነው። ይህ ትውልድ በ2012 ኮሮና ትምህርት ቤት ዘግቶበታል፤ በ2013 ክረምት ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ድረስ መጥቶበታል፤ በ2016 ደግሞ በግጭቱ የተነሳ የአማራ ክልል ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪ የሚጠሩበት ጊዜ ተራዝሞበታል። እንዲህ በተቆራረጠ ዕድሜ ላይ የአንድ ዓመት እገዳ ሲጨመር፣ በወረቀት አንድ ዓመት የተባለው በኑሮ ከዚያ ይረዝማል። ወደ ገጠር የተመለሰውን ወጣት እርሻውና የቤተሰቡ ችግር ይይዘዋል፤ ሴቷን ደግሞ «እንግዲህ ተዳሪ» የሚል ግፊት ይጠብቃታል። ቅጣቱ ይህን ያህል የሚከብድ ከሆነ፣ የሚወሰንበት መንገድም የዚያኑ ያህል ጥንቃቄ ይሻል።

ቁጥጥር ብቻውን ሰላም እንደማያመጣ የራሳችን ታሪክ ይመሰክራል። በሚያዝያ 1993 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የጠየቁት የታጠቁ ፖሊሶች ከግቢ እንዲወጡ፣ ማኅበራቸውና መጽሔታቸው እንዲፈቀዱ ነበር። የግቢ አስተዳደር ጥያቄ ነበር፤ በግቢ ውስጥ መልስ ስላጣ ግን ጎዳና ወጣ፤ በርካታ ሰዎችም ሞቱ። በ2012 መግቢያ ደግሞ ተማሪዎችና ወላጆች ሰላም ለመጠበቅ ውል እንዲፈርሙ ተደረገ። ጥቅምት 29 ቀን በወልድያ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተማሪዎች ተገደሉ፤ ሁከቱ ወደ ሌሎች ግቢዎች ተዛመተ፤ ብዙዎች ሻንጣቸውን ይዘው ወደየቤታቸው ሸሹ፤ የፌዴራል ፖሊስም በየዩኒቨርሲቲው ተሰማራ። የዚያ ጠብ ሥር ከግቢ ውጭ ያለው ፖለቲካ መሆኑን አልክድም። ሆኖም ተማሪው የፈረመው ውል አልያዘውም። ውል በሁለት ወገን ይጸናል። ተማሪው ግዴታውን ሲፈርም ተቋሙም እንዴት እንደሚጠብቀውና አቤት ሲል በስንት ቀን እንደሚሰማው ካልፈረመለት፣ ያ ወረቀት ማስጠንቀቂያ እንጂ ውል አይደለም።

ሕጋችን ይህን አልዘነጋም። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 መመሪያ ከመጽደቁ በፊት አስተያየት እንዲሰጥበት፣ የአስተዳደር ውሳኔም ባለጉዳዩ ተሰምቶ፣ ምክንያቱ በጽሑፍ ተገልጾ እንዲሰጥ ያዛል። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 የደነገገው የተማሪን ግዴታ ብቻ አይደለም፤ መብቱንም ነው። ጉድለቱ ያለው በአዋጁና በዶርሙ መካከል ነው። የብዙ ዩኒቨርሲቲዎቻችን የሴኔት ሕግ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ረጅም ሰነድ ነው፤ ፍሬሽ ተማሪ ደንቡን የሚሰማው በአቀባበል ዕለት ንግግር፣ በሰሌዳ ላይ በተለጠፈ ማስታወቂያና በዶርሙ ተቆጣጣሪ (ፕሮክተር) አፍ ነው። «የግቢውን ሰላም ማወክ» የሚል አንቀጽ ምን ምንን እንደሚያካትት ካልተዘረዘረ፣ ድንጋይ የወረወረውንም ስለ ካፌው ምግብ የአቤቱታ ፊርማ ያሰባሰበውንም በአንድ ገመድ ሊያስር ይችላል።

ጥብቅ ሥርዓትም ሆነ ሙግት ለዚህ አገር ባዕድ አይደሉም። ድጓ የሚመሰከርባት ቤተልሔም ያለችው ጋይንት ውስጥ ነው፤ ከሩቅ አገር የመጣ ደቀ መዝሙር በጎጆ ውስጥ እየኖረ፣ ሥርዓቷን ጠብቆ ይማርባታል። ያ ሥርዓት ቀላል አይደለም። ግን ተማሪው ያውቀዋል፤ የሚገሥጹት የኔታም ከፊቱ ናቸው። አባቶቻችንም በዛፍ ጥላ ሥር «በላ ልበልሃ» ሲባባሉ ከሳሽና ተከሳሽ ፊት ለፊት ቆመው፣ አላፊ አግዳሚው እየሰማ ነበር። አያቱ ስለ አንዲት ላም ያገኘውን የመሰማት ዕድል፣ የልጅ ልጁ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሊያጣው አይገባም።

«ጠብ ሲነሳ ለክርክር ጊዜ የለም» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ እውነትም አለበት። ለሌሎች አደጋ የሆነን ተማሪ በዚያው ሌሊት ከዶርም ማውጣት ያስፈልጋል። ነገር ግን ለጊዜው መለየትና መቅጣት ሁለት ነገር ናቸው፤ ዛሬ የተለየው ተማሪ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊሰማ ይችላል። «መንግሥት ያስተምራል፤ የሰጠውን ይነሳል» የሚልም አለ። በአሜሪካ አላባማ የመንግሥት ኮሌጅ ጥቁር ተማሪዎች ለነጮች ብቻ በተፈቀደ የምግብ አዳራሽ ስለተቀመጡ ሳይሰሙ ሲባረሩ ይኸው መከራከሪያ ቀርቦ ነበር። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ግን እ.ኤ.አ. በ1961 የመንግሥት ኮሌጅ ተማሪን ከማባረሩ በፊት ክሱን ሊነግረውና ሊሰማው እንደሚገባ ወሰነ። እኛ ዘንድ ደግሞ ተማሪው በወጪ መጋራት ውል ሊከፍል የፈረመ ባለዕዳ ነው። ሦስተኛው ስጋት የተማሪ ተወካዮች የፖለቲካ ቡድኖች መሣሪያ ይሆናሉ የሚለው ነው። ይህ ሊሆን ይችላል፤ ግን በግልጽ ተመርጦ በስሙ የሚናገር ተወካይ ይጠየቃል፤ ተወካይ በሌለበት ግቢ ወሬ የሚነዛውን ማንም አይጠይቀውም። ክሱን የሚያዩት የሥነ ምግባር ኮሚቴ አባላት የማስተማር ጫና ያለባቸው መምህራን እንጂ ዳኞች አለመሆናቸውም እውነት ነው። ስለዚህ ሥራቸውን የሚያቀልል አጭርና ግልጽ ሥነ ሥርዓት ይዘጋጅላቸው፤ እንደ ጎንደርና ባሕር ዳር ያሉ የሕግ ትምህርት ቤት ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎችም ሊያግዙ ይችላሉ።

እንግዲህ የምጠይቃችሁ ይህ ነው። ደንቡ በአማርኛና ከሌላ አካባቢ ተመድበው የሚመጡት ተማሪዎች በሚረዱት ቋንቋ ታትሞ በምዝገባ ቀን ይሰጥ፤ ሲሻሻልም ረቂቁን ተማሪዎች አይተው ይናገሩበት። ከባድ ቅጣት የሚያስከትል ክስ በጽሑፍ ይድረስ፤ ተማሪው ማስረጃውን አይቶ ይከራከር። ይግባኙን መጀመሪያ የወሰኑት ሰዎች አይዩት። በየዓመቱም ስም ሳይጠራ ስንት ተማሪ በምን ጥፋት ምን እንደተቀጣ ይገለጽ፤ ተመሳሳይ ጥፋት ተመሳሳይ ቅጣት ማግኘቱ የሚታወቀው ያኔ ነው።

የታገደ ተማሪ ወደ መካነ ኢየሱስ ሲመለስ ወላጁ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን አድርገህ ነው?» ብሎ ነው። ያኔ በልጁ እጅ የጥፋቱን ዝርዝር፣ የሰጠውን ቃልና የውሳኔውን ምክንያት የያዘ ወረቀት ይኑር። ወላጁ ያንን አንብቦ ወይ ልጁን ይገሥጸዋል፣ ወይ ይግባኝ ይልለታል።

ከአክብሮት ጋር

ከመካነ ኢየሱስ፣ እስቴ