ሲጣሉ ትዝ የሚል ቁጥጥር

ከገዳሪፍ እስከ መንደር 8፣ ቡና በተፈላበት ሁሉ የሱዳን ፖለቲካ ሲነሣ፣ ሐሰን አል ቱራቢን የምክር ቤት ሥልጣን ጠበቃ አድርገው የሚያወሱ ያጋጥሙኛል። እኔ አልቀበለውም።

እርግጥ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1999 በአፈ ጉባኤው ቱራቢ የሚመራው ምክር ቤት፣ ፕሬዚዳንቱን በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ማውረድ የሚያስችለውን የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ሊያጸድቅ ተሰናድቶ ነበር። ድምፁ ሳይሰጥ ዑመር አል በሽር ምክር ቤቱን በትነው የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ አወጁ። በሽር ሕግ ረግጠዋል፤ ይህ አያከራክርም። ነገር ግን የ1989ኙን መፈንቅለ መንግሥት ያሰናዱት ሁለቱ አብረው ነበሩ። ቱራቢ ከ1996 ጀምሮ አፈ ጉባኤ፣ ኋላም በዚያው ላይ የገዥው ፓርቲ ዋና ጸሐፊ ሆኑ። የደቡቡ ጦርነት ሲፋፋም፣ ተቃዋሚ ሲታሰር፣ ያ ምክር ቤት ፕሬዚዳንቱን ምን ጠየቀ? የማውረድ ሥልጣን ትዝ ያለው ሁለቱ ሲጣሉ ነው። እንዲህ ያለውን ጠብ ቁጥጥር ብሎ መጥራት ለቃሉ ግፍ ነው።

የእኛም አገር ከዚህ አይርቅም። ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ በ1993 ዓ.ም. ከፓርቲያቸው ጋር ሲቃቃሩ፣ ከሥልጣን የወረደ ፕሬዚዳንት ከፓርቲ ፖለቲካ እንዲርቅ የሚያዝ ሕግ በወራት ውስጥ ወጣ። በ1997 በግል ተወዳድረው እንደራሴ ሲሆኑም ጥቅማጥቅማቸው ተነጠቀ። ያው ምክር ቤት አስፈጻሚውን በዚያ ፍጥነት ሲጠይቅ አላየንም።

በሽር የወረዱት እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2019 ነው፤ ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ፣ ሠራዊቱም ፈንቅሎ። ከዚያ አራት ወር ቀደም ብሎ አብዛኞቹ እንደራሴዎች፣ በሽር እንደገና እንዲወዳደሩ ሕገ መንግሥቱ ይሻሻልላቸው ብለው ደግፈው ነበር።