ሰባቱስ የማን ናቸው?

ደጋ ያደገ ሰው የደመናን ነገር ያውቀዋል። በእኛ አገር በአማኑኤል በነሐሴ ጉሙ ደጃፍ ድረስ ይወርድና እረኛው ላሙን የሚያገኛት በድምፅዋ እንጂ በዓይኑ አይደለም።

ነሐሴ 1 ቀን 1981 ዓ.ም.፣ ጾመ ፍልሰታ በገባበት ዕለት፣ 16 ሰዎች የያዘች ባለ ሁለት ሞተር የዕርዳታ ማስተባበሪያ አይሮፕላን ከአዲስ አበባ ተነሥታ ጋምቤላ ውስጥ ወዳለው ወደ ፉኝዶ የስደተኞች ሠፈር አመራች። በሠፈሩ ከሱዳን ጦርነት የሸሹ፣ ወላጅ አብሯቸው የሌለ ብዙ ልጆች ነበሩ። የጉዞው መሪ በሂውስተን ያደገው ሚኪ ሊላንድ፣ በአሜሪካ ምክር ቤት የረኃብ ጉዳይ ኮሚቴ ሊቀ መንበር ነበር። አይሮፕላኒቱ በመጥፎ አየር ውስጥ ገብታ ከተራራ ጋር ተላተመች። የአሜሪካ የጦር አይሮፕላኖች ጭምር ሲፈልጓት ሰንብተው ስብርባሪዋ ነሐሴ 7 ቀን ተገኘ። አንድም ሰው አልተረፈም።

በክረምት ከደቡብ ምዕራብ የሚመጣው እርጥብ ነፋስ የምዕራቡን ደጋ ሲወጣ ይቀዘቅዝና ደመና ይሆናል። እንግዲህ ደመናው የሚቆለለው ተራራው ባለበት ነው ማለት ነው። መሬቱን በዓይኑ እያየ ለሚበር አብራሪ ከዚህ የከፋ ወጥመድ የለም።

ሊላንድ አልተረሳም። በሂውስተን አይሮፕላን ማረፊያ የዓለም አቀፍ መንገደኞች ሕንጻ በስሙ ተሰይሟል፤ አዲስ አበባም በስሙ የሚጠራ መንገድ አላት። የተገባ ነው። ስለ ሰው አገር ረኃብ ሲል ለሞተ ሰው ይህ ቢያንስ እንጂ አይበዛም። ነገር ግን ከ16ቱ ሰዎች ሰባቱ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። በመኝታ ቤታችን የምንተኛውን ስምንት ተማሪዎች ጠየቅሁ፤ ሊላንድን ሦስቱ ያውቁታል፤ ከሰባቱ የአንዱን እንኳ ስም የነገረኝ የለም። እኔም ራሴ አላውቅም ነበርና በማንም ላይ ጣቴን አልቀስርም።

አንድ ወዳጄ «እነርሱማ በሥራቸው ላይ ነበሩ» አለኝ። ሊላንድስ በሥራው ላይ አልነበረምን? ረኃቡ የእኛ፣ ተራራው የእኛ፣ ዝናቡም የእኛ ሆኖ ሳለ የሞተልንን እንግዳ በስሙ ጠርተን የራሳችንን ሰዎች በቁጥር ብቻ መተዋችን ለእኔ አይዋጥልኝም። በአገራችን ለቅሶ ቤት የገባች አልቃሽ የሟቹን ስም ሳትጠራ ሙሾ አታወርድም፤ «ሰባት ሰዎች» ተብሎ የተለቀሰበት ቀንም አላየሁ።

ስለዚህ የታሪክ ትምህርት ክፍል ጓደኞቼን የምለምነው የነሐሴ 1981 ዓ.ም. የአዲስ ዘመን ጋዜጣ ጥራዝ ተፈልጎ እንዲገለጥ ነው። ከመምህራኖቻችንም ዘመኑን የሚያስታውሱ፣ ምናልባትም ከሟቾቹ ቤተሰብ ጋር የሚተዋወቁ ይኖሩ ይሆናል፤ ስሙን ከነሥራው ጽፈው ለማኅበሩ ጸሐፊ ይስጡልን። አዘጋጁ በሚመጣው እትም ግማሽ ገጽ ሊለቅልን ተስማምቷል።