ያለፍርድ የሄደች ጭብጦ



አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ይልቅ ያለፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» ይላሉ። በቅሎ ትልቅ ሀብት ናት፤ ጭብጦ ግን ለአንድ ጉርሻ የማትበቃ ቂጣ ናት። ታዲያ አባቶች ለጭብጦዋ ያዘኑት ሆዳቸው ስለጎደለ አይደለም። በቅሎዋ ስትሄድ ተጠይቀው፣ መልሰው፣ ተረትተው ነው። ጭብጦዋ ግን የሄደችው ማንም ሳይጠይቃቸው ነው።

ይህን ያነሣነው ስለ መኪና ማቆሚያ ቅጣት ልንጽፍ ስለፈለግን ነው። «በሠፈራችን ባለመኪናው ስንት ነውና!» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ በከተማችን ከተከፈተ ወዲህ ባጃጁም ሞተሩም በዝቷል። ነጂውም ረዳቱም የእኛው ልጆች ናቸው። ቅጣት ሲጻፍባቸው ገንዘቡ የሚወጣው ከልጆች ደብተርና ከቤት አስቤዛ ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ የሠፈራችን ልጅ በአይሱዙ ጤፍና ስንዴ ጭኖ፣ በአቀስታና በጉጉፍቱ አድርጎ ወደ ደሴ ይመላለሳል። ቦሎ ሊያሳድስ ቢሄድ «ያልተከፈለ ቅጣት አለብህ» ተባለ። ስሙን መጥራት በማያስፈልግ አንድ ከተማ ውስጥ ማቆም በተከለከለ ቦታ አቁመሃል የሚል ነው። ልጁ ወረቀቱን በዓይኑ አይቶት አያውቅም። ቀኑን ሲጠይቅ ደግሞ ያን ዕለት መኪናው እዚሁ መካነ ሰላም ጋራዥ ውስጥ ሞተሩ ወርዶ ቆሞ ነበር። መቼም ሞተር የሌለው መኪና ተነሥቶ ሌላ ከተማ ሄዶ አይቆምም!

ልጁ ሦስት ምክር ተመከረ። አንዱ ጓደኛው «ምን አባቱ፣ ከፍለህ ተገላገል፤ የመንገዱ ወጪ ከቅጣቱ ይበልጣል» አለው። ሌላው «ሰው አለኝ፤ ለሻይ እንበለውና ይፋቅልህ» አለው። ሦስተኛው አንድ የሠፈራችን አዛውንት ናቸው። «ልጄ፣ ከሰሱህ እንጂ መቼ ፈረዱብህ? መጀመሪያ ክሱን አሳዩኝ በል» አሉት።

ይህ ሰሌዳ ከአዛውንቱ ጋር ነው። ምክንያቱንም እንናገር።

ከፍሎ መገላገል መገላገል አይደለም። ሳያጠፋ የከፈለ ሰው «አዎ አጥፍቻለሁ» ብሎ በራሱ ላይ ፈረመ ማለት ነው። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208 ከገንዘቡ በተጨማሪ በነጂው ስም የሚመዘገብ የጥፋት ነጥብ አምጥቷል። ደንቡ በ2009 ዓ.ም. ተሻሽሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ደንብ ቁጥር 557 ወጥቶ የገንዘብ ቅጣቱ ከፍ ብሏል። እንግዲህ ዛሬ «ትንሽ ናት» ተብላ የታለፈች ነገር ነገ መንጃ ፈቃድ ላይ ልትመጣ ትችላለች። የሻዩ ነገርማ የባሰ ነው። መብት ያለው ሰው መብቱን በገንዘብ ሲገዛ ለሚቀጥለው ጎረቤቱ ዋጋ ተመነበት ማለት አይደለም እንዴ?

ደግሞስ ስሕተቱ እንዴት ይፈጠራል? ሁሉንም በክፋት አንተርጉመው። ትራፊክ ፖሊስም ሰው ነው፤ በፀሐይና በዝናብ ቆሞ ይጽፋል። በለመድነው ሰሌዳ ላይ በመጀመሪያ ኮዱ አለ፤ 1 ታክሲ፣ 2 የቤት፣ 3 የንግድ፣ 4 የመንግሥት ነው። ቀጥሎ «አማ» ወይም «አአ» የሚለው የክልሉ ምልክት አለ። ከዚያ በኋላ ቁጥሩ ይመጣል። ያው ቁጥር በሌላ ኮድና በሌላ ክልል ሊደገም ይችላል። ስለዚህ አንዲት ፊደል ወይም አንዲት አኃዝ ስትሳሳት የአዲስ አበባው ጥፋት የቦረናውን ልጅ ያገኘዋል። ሾፌሩ በሌለበት መስታወት ላይ የተለጠፈ ወረቀት ደግሞ ነፋስ ይወስደዋል፤ ልጆችም ያነሡታል። ባለመኪናው የሚሰማው ቦሎ ሲያሳድስ ነው።

የልጃችንም ጉዳይ ይኸው ሆኖ ተገኘ። የጋራዡን ደረሰኝ፣ የሊብሬውን ኮፒና የሰሌዳውን ፎቶ ይዞ ሄደ። ቀሪው ሲገለጥ በተሽከርካሪ ዓይነት ፊት «ሚኒባስ» ይላል! እሱ የሚነዳው የጭነት አይሱዙ ነው። ቅጣቱ ተሠረዘለት። ይሁን እንጂ ሁለት ጊዜ ተመላልሷል፤ ለትራንስፖርትና ለአልጋ ያወጣው ከቅጣቱ በልጧል። እውነቱን መደበቅ አይገባንም። ጭብጦዋ ተመልሳለች፤ ለማስመለስ ግን ዳቦ ወጥቷል።

እንግዲህ ቅጣት የተጻፈበት ነዋሪ ምን ያድርግ?

አንደኛ፣ ወረቀቱን ቆሞ ያንብብ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ የሰሌዳውን ኮድና የመኪናውን ዓይነት አንድ በአንድ ያመሳክር።

ሁለተኛ፣ ቦታውን በስልኩ ፎቶ ያንሣ። በሰማያዊ ክብ ላይ አንድ ቀይ ሰረዝ ያለበት ምልክት አቁሞ መሄድን ይከለክላል፤ ሁለት ቀይ ሰረዝ የተጣመረበት ግን ለአጭር ጊዜ መቆምንም ይከለክላል። ምልክቱ ወድቆ ወይም በሸራ ተሸፍኖ ከሆነ ያም ይታይ።

ሦስተኛ፣ አቤቱታውን በጽሑፍ ያቅርብ፤ ገቢ የተደረገበትን ቁጥርና ማኅተም ያለበትን ቅጂ ይያዝ። የቃል አቤቱታ ከደጃፍ አያልፍም። በወረቀቱ ላይ የተጻፈውንም የጊዜ ገደብ አያሳልፍ።

አራተኛ፣ ከሰው ጋር አይጣላ። የሚሟገተው ከወረቀቱ ጋር ነው።

ይህን ማድረግ ድፍረት ወይም መንግሥትን መናቅ አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው በክሱ ሂደት እንደ ጥፋተኛ ያለመቆጠር መብት እንዳለው ይናገራል። በአንቀጽ 37 ደግሞ ማንም ሰው በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ የዳኝነት ሥልጣን ላለው አካል አቅርቦ ውሳኔ የማግኘት መብት አለው። በአስተዳደር በኩል በደል ደርሶበት በመሥሪያ ቤቱ አቤት ብሎ መፍትሔ ያጣ ሰው ወደ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ማመልከት ይችላል።

በሌላውም ዓለም ያው ነው። በለንደን ከተማ የመጀመሪያው የመኪና ማቆሚያ ቅጣት የተጻፈው እ.ኤ.አ. በ1960 መስከረም ወር ነበር። የደረሰውም ዶክተር ቶማስ ክሬይተን በሚባል ሐኪም ላይ ነው። ሰውዬው በአንድ ሆቴል ልቡ የታመመ ሰው ሊረዳ ተጠርቶ ነበር። ሕዝቡ ጮኸ፤ የ2 ፓውንዱ ቅጣት ተነሣ። በዚያ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ ከቀጪው መሥሪያ ቤት የተለየ ዳኛ ለዚሁ ነገር ተመድቧል፤ ባለጉዳዩ ሳይመላለስ በጽሑፍ ብቻም መከራከር ይችላል።

የእኛም ጥያቄ ከዚህ የራቀ አይደለም። በአዲስ አበባ የትራፊክ ቅጣትን ከቤት ሳይወጡ በቴሌብር መክፈል ተጀምሯል፤ መልካም ነው። ታዲያ መክፈል በስልክ ከሆነ መቃወም ስለምን በእግር ይሆናል? በሌላ ከተማ ቅጣት የተጻፈበት ነዋሪ አቤቱታውንና ማስረጃውን እዚሁ በወረዳው ትራንስፖርት ክፍል አስገብቶ፣ መልሱም እዚሁ የሚደርስበት መንገድ ቢበጅ የሚመለከታቸው ክፍሎች ምን ይጎዳሉ? እንዲያውም እውነተኛው አጥፊ ቶሎ ይገኛል።

ይህን ስንል የራሳችንን ጉድፍ እንርሳ ማለት አይደለም። በገበያ ቀን አህያውና ሰው መተላለፊያ አጥቶ እያለ ባጃጁን መሐል መንገድ ላይ አቁሞ ሻይ ቤት የሚቀመጥ ማን ነው? በሆስፒታሉ በር ላይ አቁሞ ወላድ የያዘ አምቡላንስ የሚያስጠብቀውስ? እኛው ነን እኮ! እንዲህ ያለው ሰው ሲቀጣ ማኅበሩ አብሮት አይቆምም። ጥፋቱን አምኖ ይክፈል።

ያላጠፋ ግን ብቻውን አይቅር። ማመልከቻ መጻፍ የሚቸገር ነዋሪ ካለ እሑድ ከሰዓት በኋላ ወደ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ወረቀቱን ይዞ ይምጣ፤ ጸሐፊ እናገናኘዋለን። ያየ ጎረቤት ደግሞ «ምን አገባኝ» ሳይል ምስክርነቱን ይስጥ። ለለቅሶና ለሠርግ የምንጠራራ ሰዎች ለእውነት መጠራራት ሊያቅተን አይገባም።