ትንሹ ገንዳ ርካሽ አይደለም



ለልጆች የንባብ ክፍል የባሕር ዓሣ የሚታይበት የመስታወት ገንዳ ይገዛ የሚል ሐሳብ ከወጣቶቻችን ቀርቧል። ሐሳቡን እንደግፋለን። ልጆቻችን ባሕርን በሥዕል ብቻ ከሚያውቁት ሕይወት ያለው ነገር ቢያዩ ይሻላል። ነገር ግን «ቦታውም ገንዘቡም ጠባብ ስለሆነ 20 ሊትሩ ይበቃል» የሚለውን አንቀበልም።

ምክንያታችንም ይኸው። ውኃ በየቀኑ ይተናል፤ ጨው ግን አይተንም። ከ20 ሊትር ላይ 1 ሊትር ሲተን ጨዉ በ5 በመቶ ገደማ ይበረታል። ከ80 ሊትር ላይ 1 ሊትር ቢተን ግን ከ1 በመቶ ጥቂት ቢያልፍ ነው። የባሕር ዓሣ ደግሞ ድንገተኛ ለውጥ አይችልም። በዚያ ላይ ሌሊት መብራት ሲጠፋ ትንሽ ውኃ ቶሎ ይቀዘቅዛል። ታዲያ ዛሬ በገንዳው ያተረፍነውን ነገ በሞተ ዓሣ ምትክ ልንከፍለው ነው እንዴ?

ስለዚህ 60 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ኖሮት 80 ሊትር ገደማ የሚይዘው ይገዛ እንላለን። ከአንድ ጠረጴዛ አያልፍም። ብቻ ውኃው፣ አሸዋው፣ ድንጋዩና መስታወቱ ተደምሮ ከ1 ኩንታል በላይ ሊመዝን ስለሚችል ጠረጴዛው ጠንካራ ይሁን።

የወጥ ቤት ጨው አይሆንም። ለባሕር ገንዳ የተዘጋጀው ጨው በሊትር 35 ግራም ገደማ ይገባል፤ ለ80 ሊትር 2.8 ኪሎ መሆኑ ነው። የቧንቧ ውኃ ክሎሪኑ ሳይወገድ አይጨመር። የተነነውን የምንተካውም ጨው በሌለበት ውኃ ነው። ሙቀቱ ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ይሁን።

መቆጠብ ካስፈለገ ማሞቂያና ማጣሪያ ላይ ሳይሆን ጌጥና የዓሣ ብዛት ላይ ይቆጠብ። ጠንካራ መብራት የሚፈልገው ኮራል ለጊዜው ይቅር። ሁለት ትንንሽ ክላውንፊሽ ይበቃሉ። እነሱም ቢሆኑ ወዲያው አይገቡም፤ የዓሣውን እዳሪ መርዝ የሚያጠፉት ባክቴሪያዎች እስኪበዙ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ!

ገንዘቡ የሁላችንም መዋጮ ነው። ለ80 ሊትሩ ካልበቃን፣ 20 ሊትሩ ውስጥ የባሕር ዓሣ ከምንገድል ጥቂት ብናጠራቅምና ብንቆይ ይሻላል። ልጆቻችን ከገንዳው ሊማሩ የሚገባቸው እንክብካቤን እንጂ ሬሳ ማውጣትን አይደለም።

በተራ ገንዳውን ለመጠበቅ ፈቃደኛ የሆናችሁ ከስብሰባው በፊት ስማችሁን አስመዝግቡ። ተቃውሞ ያለውም መጥቶ ይናገር።

የማኅበሩ ጸሐፊ