«መልዕክትዎ በተሳካ ሁኔታ ተልኳል»፤ ለማን?

በየመሥሪያ ቤቱ ኮሪደር ላይ አንድ ሳጥን ተሰቅሎ ይታያል። «የአስተያየት መስጫ» ይላል። ጓጉንቸሩ ዝጓል፤ መክፈቻው ማን ኪስ ውስጥ እንዳለ የሚያውቅ የለም። ባለጉዳይም ይህን ስለሚረዳ ወረቀት አይከትበትም። ኃላፊውን ይፈልጋል፤ ኃላፊው ደግሞ ስብሰባ ላይ ናቸው።

አሁን ሳጥኑ ወደ ድረ ገጽ ተዛውሮ ስሙ «ያግኙን» ሆኗል። ስም፣ ኢሜይል፣ መልዕክት፣ ከታች «ላክ»። ሲጫኑት አረንጓዴ ጽሑፍ ብቅ ይላል፦ «መልዕክትዎ በተሳካ ሁኔታ ተልኳል፤ እናመሰግናለን»። ከዚያ በኋላ ዝምታ ነው። ይሄኛው ከዛገው ሳጥን ይብሳል። የዛገው ሳጥን ቢያንስ አይዋሽም።

ውሸቱ ከየት ይመጣል? ብዙ ድረ ገጾች የሚሠሩት በዎርድፕሬስ ነው። ዎርድፕሬስ ኢሜይል ልኮ «እሺ» ሲል፣ መልዕክቱን ያለ ስህተት ለሰርቨሩ አስረክቤያለሁ ማለቱ ብቻ ነው። ደርሷል ማለት እንዳልሆነ የራሱ መመሪያ በግልጽ ጽፎታል። በዚህ ላይ ፎርሙ ብዙ ጊዜ የባለጉዳዩን አድራሻ «ላኪ» አድርጎ ይሞላል። አድራሻው የጂሜይል ነው፤ ደብዳቤው የወጣው ግን ከመሥሪያ ቤቱ ሰርቨር ነው። ለተቀባዩ ይህ በሰው ስም መፈረም ነውና ወይ ይመልሰዋል፣ ወይ አይፈለጌ ውስጥ ይጥለዋል። ጎግል ደግሞ ከፌብሩዋሪ 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ወደ ጂሜይል የሚልክ ሁሉ ቢያንስ ኤስፒኤፍ ወይም ዲኪም የተባለውን የላኪ ማረጋገጫ እንዲያሟላ አዟል።

መድኃኒቱ ምሥጢር አይደለም። ላኪው የመሥሪያ ቤቱ የራሱ አድራሻ ይሁን፤ የባለጉዳዩ አድራሻ «መልስ ለ» በሚለው ቦታ ይግባ። መልዕክቱ በኤስኤምቲፒ፣ በተረጋገጠ አካውንት ይውጣ። ኤስፒኤፍና ዲኪም በዶሜኑ መዝገብ ይግቡ። የመልዕክቱ ቅጂ ዳታቤዝ ውስጥ ይቀመጥ፤ በሰፊው የሚሠራበት ኮንታክት ፎርም 7 በራሱ ቅጂ አያስቀምጥም፣ ኢሜይሉ ከጠፋ ሁሉም ጠፋ ማለት ነው። ለሚያውቅ ሰው ይህ ሁሉ ከአንድ ቀን ሥራ አይዘልም።

ታዲያ ለምን አይሠራም? «ባለሙያ የለም»፣ «ሲስተም የለም» ይባላል። ግን በርክክብ ቀን አንድ የሙከራ መልዕክት ልኮ ለማየት ምን ባለሙያ ያስፈልጋል? መልዕክቱ የሚሄደው በአንድ ሠራተኛ የግል ኢሜይል ከሆነና ሠራተኛው ከለቀቀ፣ ይህ የቴክኖሎጂ ችግር ነው ወይስ የኃላፊነት? «ሕዝቡ በቴሌግራምና በፌስቡክ ያገኘናል» የሚሉም አሉ። ኮሜንት ግን ገቢ ቁጥር የለውም፤ ሲፈለግ ይሰረዛል። እውነቱን ለመናገር፣ ያልደረሰ አቤቱታ ያልቀረበ አቤቱታ ነው። ለአንዳንዱ ቢሮ ይህ ብልሽት ሳይሆን ምቾት ነው።

ነገሩ ሕግም ይነካል። አዋጅ ቁጥር 590/2000 መረጃ የተጠየቀ የመንግሥት አካል በ30 ቀናት ውስጥ ምላሽ እንዲሰጥ ያዛል። አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልዕክት ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቷል። በወረቀት ያመለከተ ሰው መዝገብ ቤት ገቢ ያደርግለታል፤ ቁጥርና ቀን ይይዛል። በድረ ገጽ የጻፈው ግን 30 ቀኑን ከየት ጀምሮ ይቁጠር? አረንጓዴው ጽሑፍ ማስረጃ አይሆነው።

የአዲስ አበባው ሰው ቢቸግረው ታክሲ ይዞ ይሄዳል። ጅዳ ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ፣ ስለ ሰነዷ የምትጠይቅ እህትስ? እሷ ኮሪደር የላትም። ያላት ያ ፎርም ብቻ ነው። «ተልኳል» ሲላት አምና ትጠብቃለች፤ የመኖሪያ ፈቃዷ ግን አይጠብቃትም።

ስለዚህ እያንዳንዱ ኃላፊ ነገ ጠዋት በገዛ ስልኩ፣ እንደ ባለጉዳይ፣ ወደ ራሱ መሥሪያ ቤት አንድ መልዕክት ይላክ። ከደረሰ ለጻፈው ሁሉ ገቢ ቁጥር የሚሰጥ፣ መልስ የሚጽፍ ሰው በስም ይመድብ። ካልደረሰ ያሠራው። ማሠራት ካቃተው ፎርሙን አንስቶ የሚነሳ ስልክ ቁጥር ይለጥፍበት። በር የሌለው ግድግዳ ላይ በር መሳል ግን ይቁም።